የማን ቤት ልጅ ነሽ?

(በእህቶች ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እኔ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ፤ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ ከወረቀቴ ላይ እያየሁ ባነብ አትቀየሙኝ።

ባለፈው ወር አስተባባሪዋ እህታችን፣ «ብዙዎቻችን ከዶራ አልፈን አናውቅም፤ አንቺ የምትሠሪበትን ከተማ ገበያውንና አደባባዩን ንገሪን» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ቀላል ነው ብዬ እሺ አልኩ። ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ገበያው ስጽፍ ግን ለአሥራ አንድ ዓመት ደብቄ የያዝኩት ነገር አብሮ መጣብኝ። ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

እኔ የምሠራው ትራብሎስ ነው። ፈረንጆቹ ትሪፖሊ ይሏታል። ትሪፖሊ ሲባል ብዙዎቻችን የምንደነግጠው ወንድሞቻችን የተንገላቱባት የሊቢያዋ ከተማ ስለምትመጣብን ነው። ይህችኛዋ እዚሁ ሊባኖስ ያለች፣ ከቤይሩት በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ በትልቅነት ከቤይሩት ቀጥላ ሁለተኛዋ ከተማ ናት። ከዶራ ሚኒባስ ትይዛላችሁ፤ ባሕሩ በግራችሁ በኩል እየተከተላችሁ ትሄዳላችሁ።

ከተማዋ በጣም የቆየች ናት። ከኮረብታው ላይ የመስቀል ጦረኞች የጀመሩት ትልቅ ግንብ አለ። በ1289 በፈረንጆች አቆጣጠር ቀላውን የሚባል የግብፅ ሱልጣን መጥቶ ከተማዋን ያዘ። ያን ጊዜ ከተማዋ ባሕሩ ዳር ነበረች፤ ዛሬ ሚና የሚባለው ሰፈር ያለበት ቦታ ነው። እሷን አፈረሱና ከባሕሩ ገባ ብለው፣ ከግንቡ ሥር፣ ከአቡ አሊ ወንዝ ዳር አዲስ ከተማ ሠሩ። ትልቁ የመንሱሪ መስጊድ በ1294 ነው የተሠራው። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ የፋሲል ግንብ ከሁሉ የሚቀድም ይመስለኝ ነበር። ይሄኛው ከ300 ዓመት በላይ ይቀድመዋል። ወንዙ በ1955 ሞልቶ ብዙ ሰው ገደለ፤ ከዚያ በኋላ ወንዙን በሲሚንቶ ሲያሰፉት ከአሮጌው ሰፈር ብዙ ቤት ፈረሰ። የቀረው ግን ዛሬም ሰው የሚሠራበት፣ የሚሸጥበት ገበያ ነው።

እኔን ገበያውን ያስተማሩኝ የምሠራላቸው አሮጊት ናቸው። ሁሉም ተታ ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ካልወጡ ቀኑ አይመሽላቸውም። አንድ እጃቸው ምርኩዛቸው ላይ፣ አንድ እጃቸው እኔ ክንድ ላይ ሆኖ ቀስ እያልን እንሄዳለን። ስድስት ዓመት ሆነን።

አዲስ አበባ መርካቶን የምታውቁ ተራ በተራ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሸማ ተራ አለ፣ ምናለሽ ተራ አለ። የትራብሎስ ገበያም እንደዚሁ ነው። ወርቅ አንጥረኞቹ ለብቻ፣ ሽቶና ቅመም ሻጮቹ ለብቻ፣ መዳብ ቀጥቃጮቹ ለብቻ መንገድ አላቸው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ተሸክሞ ቢገናኝ አንዱ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ያሳልፋል። ሐራጅ የሚባለው ገበያ ውስጥ ጣራውን የተሸከሙት የድንጋይ ዓምዶች ከሌላ የቀደመ ሕንፃ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ በዓምዶቹ መሃል ፍራሽና ትራስ ይሸጣል።

ከመንገዶቹ መሃል ኻን የሚባሉ ትልልቅ ግቢዎች አሉ። ኻን ማለት የጥንት የነጋዴ ማደሪያ ነው። መሃሉ ክፍት ግቢ፣ ዙሪያውን ፎቅ። ከታች ከብቱና ዕቃው ያድራል፣ ከላይ ነጋዴው ይተኛል። ከእነሱ አንዱ ኻን አል-ሳቡን ይባላል፤ የሳሙና ኻን ማለት ነው። ትራብሎስ በወይራ ዘይት ሳሙና የታወቀች ናት። ዘይቱን ከሶዳ ውሃ ጋር በትልቅ ጋን ያፈሉታል፣ ሲወፍር መሬት ላይ ወይም ገበታ ላይ አፍስሰው ይዘረጉታል፣ ሲረጋ ይቆርጡታል፣ ማኅተም ያደርጉበታል፣ ከዚያ አየር እንዲገባው እንደ ግንብ ደርድረው ለብዙ ወር ያደርቁታል። ተታ ሳሙና ሲገዙ ያሸቱታል፣ በጥፍራቸው ይጭሩታል። ቶሎ የተሸጠ እርጥብ ሳሙና ቶሎ ያልቃል ይላሉ። እኛም ቤት ስንት ሳሙና ስንጨርስ ስለምንኖር ይህን ማወቅ አይከፋም።

ሌላው ኻን አል-ኸያጢን ነው፤ የልብስ ሰፊዎች። ረጅም መተላለፊያ ነው፣ ከላይ የድንጋይ ቅስት ቅስት አለበት፣ በግራና በቀኝ ልብስ ሰፊዎቹ ይቀመጣሉ። የሐረሯ እህታችን እዚህ አለች። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ እንዳለ፣ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ እንደሆነ የነገረችኝ እሷ ናት። ኻን አል-ኸያጢን ስገባ እሷን አስታውሳለሁ። ድምፁ አንድ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የመዳብ ቀጥቃጮቹን መንገድ ነው። ሱቅ አል-ነሓሲን ይሉታል፤ ቃሉ የእኛው ነሐስ ነው። ሳትደርሱ ከሩቅ ይሰማል። መዶሻው እየተፈራረቀ፣ አንዱ ቶሎ ቶሎ አንዱ ቀስ እያለ ይመታል። ትልልቅ ድስት፣ የቡና ማፍያ፣ ሰፋፊ ትሪ ይሠራሉ። የመዳብ ድስት ውስጡ በቆርቆሮ ካልተለበጠ ምግቡን ይመርዛል፤ ስለዚህ በየጊዜው ሰው የቤቱን ድስት ይዞ ይመጣል። ቀጥቃጩ ድስቱን በእሳት ያግለዋል፣ ኑሻዲር የሚሉትን ነጭ ዱቄት ይበትንበታል፣ ቆርቆሮውን ያቀልጥበትና በጥጥ ጠርጎ ያለብሰዋል። ጥቁሩ ድስት ባንድ ጊዜ እንደ ብር ያበራል። እኔ ይህን ስመለከት ተታ ስንት ጊዜ ክንዴን ጎትተውኛል።

ስለ አደባባዮቹም ልንገራችሁ። ከአሮጌው ገበያ ወጣ ስትሉ አል-ተል የሚባል አደባባይ አለ። ተል ማለት ጉብታ ነው። መሃሉ ላይ በቱርኮች ዘመን ሱልጣን አብዱልሐሚድ ሁለተኛ የሰጡት የሰዓት ማማ ቆሟል። ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል፣ ቡና አዟሪው ሲኒውን እያንቃጨለ ያልፋል፣ ታክሲዎች ይጣራሉ። ሌላው የኑር አደባባይ ነው። በ2019 ጥቅምት ውስጥ ሕዝቡ በመንግሥቱ ላይ ሲነሣ ማታ ማታ የሚሞላው እሱ ነበር። እኛ ቤት ሆነን ጩኸቱን እንሰማ ነበር፤ ተታ መስኮት ከፍተው ሲያዳምጡ ያለቅሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊራው እንዴት እንደወደቀ፣ ደመወዛችን እንዴት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አደባባይን የምወደው በአንድ ነገር ነው። ቡና ቤት ብትቀመጪ ማዘዝ አለብሽ። ሱቅ ብትገቢ ምን ትፈልጊያለሽ ይሉሻል። ማዳም ቤት ብትቀመጪ ሥራ ጨረስሽ ወይ ይባላል። አደባባይ ላይ ግን ድንጋዩ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ማንም ምንም አይልሽም። እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በር ተቆልፎብኝ፣ የእረፍት ቀን የሚባል ሳላውቅ ነበር የኖርኩት። በአራተኛው ዓመት ሌላ ቤት ገብቼ እሁድ እሁድ መውጣት ስጀምር የት እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር። ቆሜ እውል ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ነገር ልምጣ።

እዚህ አገር ሰው ሲተዋወቅ የሚጠይቀውን ታውቃላችሁ፤ «ሚን በይት ሚን?» ይላሉ። ከማን ቤት ነህ? የማን ቤተሰብ ነሽ? ማለት ነው። መልሱ የቤተሰብ ስም ነው። ሐዳድ፣ ነጃር፣ ኸያጥ፣ ሳይግ፣ ነሓስ። እኔ ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ስሞች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ተታ ተርጉመው ነገሩኝ። ሐዳድ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ የባቡሩን ሐዲድ አስቡት። ነጃር አናጢ ነው። ኸያጥ ልብስ ሰፊ። ሳይግ ወርቅ አንጥረኛ። ነሓስ መዳብ ሠሪ። ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ ባለ ሕንፃውም፣ የምክር ቤት አባሉም የአያት የቅድመ አያቱን ሙያ ስሙ አድርጎ በር ላይ ጽፎታል። አንድም የሚያፍር የለም። ከዚያ ተታ፣ «ፋኹሪ የሚባሉም አሉ» አሉኝ። ፋኹሪ ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኩ። «ሸክላ ሠሪ» አሉኝ።

የያዝኩት ዘንቢል ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

እህቶቼ፣ ከእናንተ ውስጥ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የመጣችሁ ለምን እንደደነገጥኩ ገብቷችኋል። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ ነው፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ነው፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ ነው። ሸክላ የምትሠራዋ ደግሞ ቡዳ ናት። ማረሻውን ከእሱ እንገዛለን፣ ምጣዱን ከእሷ እንገዛለን፣ ልጃችንን ግን አንድርላቸውም። እኛም «የማን ልጅ ነሽ?» ብለን እንጠይቃለን። እዚህ የሚጠይቁት ለመተዋወቅ ነው። እኛ ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ ለመለየት ነው።

የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ ለእሁድ እሁድ የተከራየናት አንዲት ክፍል ነበረችን። ስምንት ሆነን ነው የተከራየናት። ስሙን ስለማላነሣው ሰው እነግራችኋለሁ። አንዲት ልጅ አብራን ነበረች፤ ዝምተኛ፣ እጇ የማያርፍ። ክፍሉን የምታጸዳው እሷ፣ ሊጡን የምታቦካው እሷ ነበረች። አንድ እሁድ ከመካከላችን አንዷን ሆዷን ክፉኛ ቆረጣት። ሳምንቱን ሙሉ ምን ስትበላ እንደከረመች አልጠየቅናትም። አንዷ «ቡዳ በልቷት ነው» አለች። ሳቅን። ከዚያ ሌላዋ፣ የዚያች ልጅ የአገሯ ልጅ የሆነችው፣ «አባቷ ቀጥቃጭ ነው፣ እኔ አውቃለሁ» አለች። ሳቁ ቆመ።

ማንም አልመታትም። ማንም ውጪ አላላትም። ግን አንዷ ሊጡን ከፊቷ አነሣች። አንዷ ፍራሿን ጠጋ አደረገች። ቡና ተፈላ፤ ስኒዋን ከሌሎቹ ስኒዎች ለይቶ ለብቻ ያስቀመጠ ሰው አለ።

ስኒዋን የለየሁት እኔ ነኝ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች። በልጅነቴ አፈር ቆፍሬ ተሸክሜአለሁ፣ የተሰበረ ገል ወቅጬ ከጭቃው ጋር አዋህጃለሁ፣ ኩበት ለቅሜ ጀበና አብሬ አቃጥያለሁ። ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ እናቴ ምጣዱን አዝላ እኔ ጀበናውን ተሸክሜ ነበር የምንሄደው። የሚገዙት ሴቶች ብሩን እጇ ላይ አያስቀምጡላትም፤ መሬት ላይ ያስቀምጡላታል። ትምህርት ቤት አጠገቤ የሚቀመጥ አልነበረም። አሥረኛ ክፍል ፈተና ላይ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ወደዚህ ለመምጣት የፈለግሁት ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ማንም የማያውቀኝ አገር መሄድ ፈልጌ ነበር። ለእናንተም አባቴ ገበሬ ነው ብያችኋለሁ። ውሸት ነው።

ታዲያ ያን ቀን አፌን ብከፍት «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ ቀድሜ ስኒዋን ለየሁ። ልጅቷ አየችኝ። ምንም አላለችም። ማታ ዝናብ እየዘነበ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ቁጥሯ ላይ ደውዬ ነበር፤ አይሠራም። የታመመችው ልጅ በሦስተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ጨጓራ ነው ተባለች።

ያ የሆነው የት ሰፈር እንደሆነ አስቡት። ቡርጅ ሐሙድ ማለት አርመኖች ከቱርክ እልቂት አምልጠው፣ ባዶ እጃቸውን መጥተው፣ ረግረግ ላይ የሠሩት ሰፈር ነው። ጫማ ሠሪው፣ ወርቅ አንጥረኛው፣ ቦርሳ ሰፊው፣ ሁሉም በእጅ ሙያው ነው የቆመው። እኛም አገር የመጡ አሉ። ራስ ተፈሪ በ1924 በፈረንጆች አቆጣጠር ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የሚባሉት፣ የሙዚቃ ጓድ እንደሆኑ ታውቃላችሁ። በእጅ ሙያ ከሞት በተነሣ ሰፈር ውስጥ ተቀምጠን ነው እኛ የቀጥቃጭ ልጅ ያባረርነው። ከታች ያለው ጫማ ሠሪ መዶሻ ድምፁ በመስኮት ይገባ ነበር።

ወደ ትራብሎስ ልመለስ። ተታ ፋኹሪን ከተረጎሙልኝ በኋላ በነበረው ቅዳሜ የመዳብ ሠሪዎቹ ጋ ሄድን። ተታ ከባለሱቁ ጋር ዋጋ ሲከራከሩ እኔ አጠገቡ ከተደረደሩት የሸክላ ማሰሮዎች አንዱን አንሥቼ በጣቴ አንጓ መታ መታ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋሁ። እናቴ እንደዚያ ታደርጋለች። ደህናው ሸክላ ይጮኻል፤ ውስጥ ውስጡን የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከተታ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አውርተው አያውቁም። ያን ቀን መዶሻቸውን አስቀመጡና «ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። ጉሮሮዬ ደረቀ። «እናቴ። እናቴ ሸክላ ትሠራለች» አልኳቸው በዓረብኛ። በአማርኛ ለማንም ብዬው የማላውቀውን በሰው ቋንቋ አልኩት። እሳቸውም፣ «እንግዲያ አንቺ በይት ፋኹሪ ነሻ!» አሉና ለጎረቤታቸው ጮኸው ነገሩት። ወንበር አወጡልኝ። ተታ ቆመው እኔ ተቀመጥኩ፤ ስለደነገጥኩ አልተነሣሁም ነበር። ኋላ ነው የተነሣሁት።

አሁን አገሩን ሁሉ ገነት አድርጌ እንዳልነግራችሁ። እኚህ ሽማግሌ ሙያውን የሚረከብ ልጅ የላቸውም፤ ልጃቸው ወደ ውጭ አገር ሄዷል። በመንገዱ ላይ የተዘጋ ሱቅ ብዙ ነው። ሰው ርካሽ አሉሙኒየም ይገዛል። ተታም «ልጄ» እያሉኝ ፓስፖርቴ እሳቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሸክላ ሠሪን በክብር የሚጠራ ይህ ሕዝብ የቤት ሠራተኛን ምን ብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ከየትም እንምጣ «ሲርላንኪዬ» ነን። የአንድ አገር ሕዝብ ስም ወስደው የሥራችን ስድብ አደረጉት። ያ ቃል ስንሰማው እንዴት እንደሚያቃጥለን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ያሰብኩት ይህን ነው። ማዳም ስኒዬን ከቤተሰቡ ስኒ ለይታ ስታስቀምጥ አልቅሼ ለእናንተ ነግሬአችሁ ነበር፤ እናንተም አብራችሁኝ አለቀሳችሁ። በዚያው እጄ የእህቴን ስኒ ለይቻለሁ። ማዳም ያደረገችውና እኔ ያደረግሁት አንድ ነው። የእኔ ይከፋል፤ ምክንያቱም እኔ ሕመሙን አውቀዋለሁ።

አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት አልፎታል። አዋጁ እስከ እኛ ክፍል አልደረሰም። ጌታችንንም ያገሩ ሰዎች የጠራቢ ልጅ ብለው እንደናቁት በየዓመቱ ሲነበብ እንሰማለን፤ ያም አልደረሰም።

ያን ማታ ለእናቴ ደወልኩ። እዚህ አገር ሸክላ ሠሪ የሚለው የቤተሰብ ስም እንደሆነ፣ ሐኪም እንኳ በሩ ላይ እንደሚጽፈው ነገርኳት። ዝም አለች። አላመነችኝም መሰለኝ። ከዚያ፣ «ታዲያ እዚያ አገር ምጣድ ስንት ይሸጣል?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ቀጥላ፣ «አንቺ ግን ለሰዎችሽ ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው ብዬ ዘጋሁት። ይህን ንግግር የምጽፈው ያን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ሦስት ነገር ብቻ ልጠይቃችሁና ላብቃ።

አንደኛ፣ የእረፍት ቀን ያላችሁ ከክፍላችሁ ውጡ። የኢቃማችሁን ኮፒ ያዙ፣ ስልካችሁን ሙሉ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ገበያ ለማየት ገንዘብ አያስፈልግም። ፎቶ ስታነሡ ባለሙያውን አስፈቅዱ፤ ካስፈቀዳችሁት ራሱ ያስረዳችኋል። «ስንት ዓመት ተማርክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ዓይኑ እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ። አደባባይ ላይም ተቀመጡ። የለፋንበት ከተማ ነው፤ ድንጋዩ ላይ መቀመጥ አይበዛብንም።

ሁለተኛ፣ በመካከላችን ሰው ሲታመም ሐኪም እንፈልግ እንጂ ሰው አንፈልግ። በየክፍላችን ይህ ቃል አሁንም አለ። ስንቀልድ እንለዋለን። ቀልድ ሆኖ ነው የጀመረው ያን ቀንም።

ሦስተኛ፣ ያቺን ልጅ የምታውቋት ካላችሁ፣ በዚያን ጊዜ ቡርጅ ሐሙድ የነበራችሁ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፣ ይህን ወረቀት አድርሱልኝ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ይቅርታ ትጠይቅሻለች በሏት። ስኒውን የለየችው እሷ ነበረች በሏት። ይቅር ባትለኝም እውነቱን ትወቅ።

በሚቀጥለው ወር ሁለተኛው እሁድ ወደ ትራብሎስ የምትመጡ ዶራ አደባባይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ። መሳፈሪያችሁን ብቻ ያዙ። ምሳ እኔ አመጣለሁ። መጀመሪያ ሳሙናውን፣ ከዚያ ልብስ ሰፊዎቹን፣ መጨረሻ መዳብ ቀጥቃጮቹን አሳያችኋለሁ፤ ሽማግሌውንም አስተዋውቃችኋለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ላለፉት ሁለት ዓመታት እዚህ ስብሰባ ላይ ቡና የምንጠጣበት ጀበና እኔ ያመጣሁት ነው። ከመርካቶ አስገዝቼ ነው ብያችሁ ነበር። አይደለም። እናቴ ናት የሠራችው፤ ከጎንደር በሰው እጅ ነው የላከችልኝ። አንገቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ጭረት በጣት ጥፍሯ ነው የምታደርጋት፤ የሷ ምልክት ናት።

ዛሬም ቡናው ተፈልቷል። መጠጣት የሚከብዳት እህት ብትኖር አልቀየማትም፤ እኔም ራሴ ስንት ዓመት ከብዶኝ ነበር። ጀበናው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስኒዎቹንም ሁሉንም አንድ ላይ ነው የደረደርኳቸው።